ለስላሳ የፔፕታይድ ሴረም የፊት ቀዳዳ ይቀንሳል? ግማሽ ፊቴ ላይ ልሞክረው ነው

የማለዳ_ጤዛ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። እስካሁን አንባቢ ብቻ ነበርኩ ዛሬ ግን ምክራችሁን ስለፈለግኩ ልጻፍ። 34 ዓመቴ ነው፣ ፊቴ ወዛም ነው፣ አፍንጫዬና ከአፍንጫዬ አጠገብ ያለው ጉንጬ ላይ ቀዳዳዎቹ በደንብ ይታያሉ፣ ፋውንዴሽን ስቀባ ደግሞ ውስጡ ገብቶ ጭራሽ ቁልጭ ያደርገዋል። ባለፈው ክርስትና ቤት አንዷ አክስቴ አጠገቤ ተቀምጣ ስታየኝ ቆየችና "ልጄ ፊትሽ ምነው እንደ እንጀራ ዓይን አወጣ" አለችኝ። በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ እወዳታለሁም፣ ግን ቤት ገብቼ መታጠቢያ ቤቱን ዘግቼ አለቀስኩ።

ያልሞከርኩት የለም። ስኳር በሎሚ አሽቻለሁ፣ የእንቁላል ነጭ ቀብቻለሁ፣ አፍንጫ ላይ ተለጥፎ የሚነሳውን ስትሪፕ በየሳምንቱ፣ ቀዳዳውን ይከፍታል ሲሉኝ ባህር ዛፍ ቀቅዬ ታጥኛለሁ፣ ከዛ በረዶ ይዘጋዋል ሲሉኝ በበረዶ። መጨረሻ ላይ ጓደኛዬ የሰጠችኝን ጠንካራ አሲድ በሳምንት 4 ቀን መቀባት ጀመርኩ፣ እሱ ነው የጨረሰኝ፣ ቆዳዬ ተላጠ፣ ውሃ ሲነካኝ ሁሉ ያቃጥለኝ ጀመር፣ ጉንጬ ላይ ጥቁር ነጥብ ጥሎብኝ ሄደ፣ ቀዳዳው ግን እዛው ነው።

አሁን የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ አንድ የፔፕታይድ ሴረም በሻንጣ ይዛልኝ መጣች። ሽታ የለውም፣ ቀጠን ያለ ነው፣ እጄ ላይ ሁለት ቀን ሞክሬው ምንም አላቃጠለኝም። ጀርባው ላይ ፓልሚቶይል ፔንታፔፕታይድ-4 እና ሃያሉሮኒክ አሲድ ይላል። ለቀዳዳ የሞከራችሁት ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ በናታችሁ፣ ድጋሚ ተስፋ አድርጌ ድጋሚ ማዘን አልፈልግም።

ባለ_ነጭ_ጋውን (ሐዋሳ)

አይዞሽ እህቴ። ፋርማሲስት ነኝ፣ ይሄን ጥያቄ መደብር ውስጥ ደጋግሜ ነው የምሰማው። መጀመሪያ ስለ ቀዳዳው ራሱ ልበልሽ። ቀዳዳ የምንለው የፀጉር ሥርና የወዝ ዕጢ አንድ ላይ ወደ ውጪ የሚወጡበት አፍ ነው። ዙሪያውን የሚከፍትና የሚዘጋ ጡንቻ የለውም ስለዚህ በእንፋሎት አይከፈትም በበረዶም አይዘጋም፣ ሙቀቱ ውስጡ ያለውን ወዝ ያለሰልሰዋል እንጂ። ሰፍቶ የሚታየን በብዛት ወዙ ሲበዛ ነው፣ ከዛ ደግሞ እድሜና ፀሐይ አፉን ዙሪያውን ደግፈው የያዙትን ኮላጅንና ኢላስቲን የሚባሉ የቆዳ ፕሮቲኖች ሲያላሏቸው ጠርዙ ይለጠጥና ክብ የነበረው ሞላላ ይሆናል። የተፈጥሮም ድርሻ አለበት፣ እናትሽን ወይ አባትሽን አፍንጫቸው ላይ እያቸው።

ፔፕታይድ ማለት አጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት ነው፣ አሚኖ አሲድ ፕሮቲን የሚገነባበት ጡብ በዪው። አንቺ ጋ ያለው ፔንታ የተባለው አምስት አሚኖ አሲድ ስላለው ነው፣ ራሱ የኮላጅን ቅድመ ፕሮቲን ቁራጭ ነው። ሐሳቡ ምንድን ነው፣ ቆዳ የኮላጅን ስብርባሪ ሲያይ "ተጎድቻለሁ ሌላ ልሥራ" ይላል፣ ይሄ በላቦራቶሪ ሴል ላይ በፈረንጆቹ 1993 ታይቷል። ችግሩ ቆዳችን ግንብ ነው፣ ከ500 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው) በላይ የሚመዝን ሞለኪውል በቀላሉ አያሳልፍም የሚባል ግምታዊ ደንብ አለ፣ ይሄኛው ደግሞ 800 ገደማ ነው። ፓልሚቶይል የሚባለውን የስብ ጭራ የቀጠሉለት ስብ በስብ ተስቦ እንዲገባ ብለው ነው፣ ምን ያህሉ ይደርሳል ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ጥሩ ጥናት አለው ወይ ካልሽ በፈረንጆቹ 2005 የወጣ አለ፣ 93 ሴቶች፣ 12 ሳምንት፣ የፊታቸው አንዱ ወገን ፔፕታይድ ያለበት ክሬም ሌላው ወገን የሌለበት፣ የቱ የቱ እንደሆነ ሳያውቁ። ጥቃቅን መሸብሸብ ላይ ትንሽ ግን የሚለካ ለውጥ አግኝተዋል። ልብ በዪ መሸብሸብ ነው ቀዳዳ አይደለም፣ ሴቶቹም ነጮች ነበሩ። ስለዚህ ለቀዳዳ ይሠራል ብዬ ልዋሽሽ አልችልም። ሆኖም አሁን ባለሽበት የተቃጠለ ቆዳ ላይ ከአሲዱ ሺህ ጊዜ ይሻላል። እንደነሱ ግማሽ ፊትሽ ላይ ብቻ ለምን አትሞክሪውም?

ሜሪላንድ_ነኝ

እኔ 46 ነኝ፣ ፔፕታይድ ከተጠቀምኩ ዓመት ሊሆነኝ ነው፣ ቀዳዳዬ በግማሽ ቀንሷል ብል አላጋነንኩም፣ ልጄ እንኳን "ማሚ ፊትሽ ለሰለሰ" ትለኛለች። ውዴ ሞክሪው፣ ሰው ተስፋ አያስቆርጥሽ።

ባለ_ነጭ_ጋውን

@ሜሪላንድ_ነኝ ደስ ይላል እህቴ። ከሱ ጋር ሌላ የምትቀቢው ነገር አለ? ማታ ማታ ለምሳሌ?

ሜሪላንድ_ነኝ

ማታ ትሬቲኖይን አለኝ ሐኪሜ ያዘዘችልኝ፣ እሱንም አንድ ዓመት ከምናምን ነው።

ባለ_ነጭ_ጋውን

እሱ ነው እንግዲህ። ትሬቲኖይን አሜሪካ ውስጥ ለብጉር ከተፈቀደበት ከፈረንጆቹ 1971 ጀምሮ ያለ መድኃኒት ነው፣ ቀዳዳ ውስጥ የሚጠራቀመውን ያጸዳል ኮላጅንም ላይ ከፔፕታይድ በጣም የጠነከረ ማስረጃ አለው። አብረሽ ስለምትቀቢያቸው የትኛው እንደሠራልሽ መለየት አይቻልም ለማለት ነው እንጂ ፔፕታይዱ አልረዳሽም ማለቴ አይደለም። ለሌሎቻችሁ ደግሞ፣ እርጉዝ የሆናችሁ ወይ ለማርገዝ ያሰባችሁ ትሬቲኖይንንም ዘመዱን ሬቲኖልንም እንዳትነኩ።

ሜሪላንድ_ነኝ

ይሄን አስቤው አላውቅም ነበር። እውነት ነው ሁለቱን በአንድ ወር ልዩነት ነው የጀመርኳቸው። አመሰግናለሁ።

የሦስት_ልጆች_እናት (ደብረ ብርሃን)

ልጆቼ እኔ ስለ ሴረም አላውቅም፣ 58 ዓመቴ ነው፣ በኛ ጊዜ የወይባ ጭስ ሞቀን በእርድ ተቀብተን ነው ያደግነው ፊታችንም ይኸው አለ። ጭሱ ላብ ያወጣል ሰውነት ያቀላል ደስ ይላል። ግን ለዚች ልጅ አንድ ነገር ልንገራት፣ ፀጉርሽን ቅቤ ትቀቢያለሽ? ሌሊት ቀልጦ ግንባርና ጉንጭ ላይ ይወርዳል። የኔ ትንሿ ልጅ ግንባሯ ሁሉ በብጉርና በጥቁር ጥቁር ነጥብ ተሞልቶ ነበር፣ ሻሽ አስሬ ማስተኛት ስጀምር ትራሷንም ቶሎ ቶሎ ሳጥብ ቀነሰላት።

ባለ_ነጭ_ጋውን

እትዬ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ትክክል ነዎት። የፀጉር ቅባት ግንባር ላይ የሚያመጣው ብጉር የታወቀ ነገር ነው፣ ቅቤም ሆነ ሌላ ከባድ የፀጉር ቅባት ያው ነው።

የማለዳ_ጤዛ

እትዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ቅቤ እቀባለሁ አዎ!! ሻሽ አላስርም ነበር። ከዛሬ ጀምሮ አስራለሁ።

እሺ ወስኛለሁ። ቀኝ ጉንጬና የአፍንጫዬ ቀኝ ወገን ጠዋትና ማታ ሴረሙ፣ ግራው ምንም። ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ለስላሳ ሳሙና፣ አንድ ዓይነት ሎሽን፣ ጠዋት ሰንስክሪን። ስክራብ የለም፣ ስትሪፕ የለም፣ አሲድ የለም፣ ሎሚ የለም። 12 ሳምንት። ፎቶ በየሳምንቱ እሁድ።

ጅዳ_ያለሁት

እኔም ቀዳዳዬ ያስጨንቀኛል። ሰው ቤት ነው የምሠራው፣ ማድቤቱ ሙቀት ነው ውጪው ደግሞ ወበቅ፣ ፊቴ ቀኑን ሙሉ ያብለጨልጫል። የኔ ግን ሌላም ነገር አለበት። አንዲት ልጅ ፊት ያቀላል ብላ ከአንድ ሱቅ ክሬም ገዛችልኝ፣ በሁለት ሳምንት ፊቴ ፍክት አለ ቀዳዳውም የጠፋ መሰለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ። አሁን 7 ወር ሆነኝ፣ አንድ ቀን ካልቀባሁት ይቀላል ያሳክከኛል፣ ጉንጬ ላይ ቀጫጭን ደም ሥር ይታያል፣ ቀዳዳውም ከድሮው ብሶ መጣ። ክሬሙን በሴረም ብቀይረው ይሻለኛል? ክሬሙ ላይ ክሎቤታሶል የሚል ተጽፏል።

ባለ_ነጭ_ጋውን

እህቴ አደራሽን ይሄን በጥሞና አንብቢው። ክሎቤታሶል የቆዳ መድኃኒት ነው፣ ስቴሮይድ ነው፣ ያውም ከጠንካራዎቹ ምድብ፣ ለተወሰነ በሽታ ለአጭር ጊዜ ሐኪም የሚያዘው እንጂ ለፊት ማቅያ አይደለም። ፊት ላይ ለወራት ሲቀባ ቆዳን ያሳሳል፣ ያየሽው ደም ሥር ለዚህ ነው የሚታይሽ፣ መጀመሪያ ላይ ሁሉን ነገር አስታግሶ የሚያምር ስለሚመስል ነው ሰው የሚታለለው። ሲያቆሙት ደግሞ ቆዳው ተቆጥቶ ይነሳል። ስለዚህ በራስሽ ድንገት ቆርጠሽ በሴረም አትተኪው፣ የቆዳ ሐኪም እንዴት ቀስ እያልሽ እንደምትወጪበት ይንገርሽ። ክሬሙን ይዘሽ ሂጂ፣ ካርቶኑንም። እዛ ሐኪም ዘንድ መሄድ ይፈቀድልሻል?

ጅዳ_ያለሁት

መዳሜ ጥሩ ሰው ናት እነግራታለሁ። ስቴሮይድ እንደሆነ ማንም አልነገረኝም። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

የማለዳ_ጤዛ

የኔ እህት አይዞሽ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ሄደሽ ስትመጪ ንገሪን እንጠብቅሻለን።

ሙሉ_ጢም (መቀሌ)

ወንድ ነኝ፣ እኔም መጠየቅ ይፈቀድልኛል ብዬ ነው። አፍንጫዬ ላይ ስጨምቀው እንደ ክር ነጭ ነጭ ነገር ይወጣል፣ በወሩ ተመልሶ ይሞላል። ብላክሄድ ነው?

ባለ_ነጭ_ጋውን

ወንድሜ ይሄ በብዛት የወዝ ክር ነው፣ ብላክሄድ አይደለም። ወዙ ከውስጥ ወደ ላይ የሚሄድበት መሥመር ነው፣ ሁሉም ሰው አለው፣ ብታወጣውም በሳምንታት ይመለሳል ምክንያቱም መመለስ አለበት። ብላክሄድ ግን ተደፍኖ አናቱ የጠቆረ ነው። አትጭመቀው በቃ፣ የኛ ቆዳ ቁስል ሲነካው ጥቁር ምልክት ጥሎ ነው የሚሄደው። ወዙ ካስቸገረህ ሳሊሲሊክ አሲድ እስከ 2 ፐርሰንት ያለው መታጠቢያ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይበቃሃል፣ ስብ ውስጥ ስለሚሟሟ ቀዳዳው ውስጥ መግባት ይችላል።

የማለዳ_ጤዛ (2ኛ ሳምንት)

ኧረ ቀኝ ጉንጬ!! ዛሬ ፎቶ አንስቼ ሳወዳድረው የቀኙ ቀዳዳ በግልጽ ያነሰ ነው፣ ሙሉ ነው፣ ያበራል። ግራው ደረቅ ያለ ነው። በ14 ቀን እንዲህ ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም።

ባለ_ነጭ_ጋውን

ፎቶውን መቼ ነው ያነሳሽው? ሴረሙን ከመቀባትሽ በፊት ወይስ ከተቀባሽ በኋላ?

የማለዳ_ጤዛ

ከተቀባሁ በኋላ ነው፣ 20 ደቂቃ ቢሆን።

ባለ_ነጭ_ጋውን

ሃያሉሮኒክ አሲድ ውሃ ይይዛል፣ የላይኛውን ቆዳ ያሳብጠዋል፣ ብርሃንም ላዩ ላይ ሌላ ዓይነት ይመታል፣ ቀዳዳው ያነሰ ይመስላል። ስትታጠቢ ይሄዳል። ኮላጅን በ2 ሳምንት አይሠራም። የምትፈልጊው የቆየውን ለውጥ ከሆነ ጠዋት ታጥበሽ ምንም ሳትቀቢ ግማሽ ሰዓት ጠብቀሽ አንሺው፣ ያው መስኮት ያው ሰዓት፣ መብራት ጠፍቶ።

የማለዳ_ጤዛ

እሺ። ትንሽ ከፍቶኛል አልዋሽም። ግን ልክ ነሽ እንዳልሽው አደርጋለሁ።

ሙሉ_ጢም

እኔ ደግሞ ልጠይቅ፣ ፊቴን በቀን አራቴ በሳሙና እታጠባለሁ ወዙ እንዲጠፋ፣ ይሄስ?

ባለ_ነጭ_ጋውን

ሁለቴ ይበቃል ወንድሜ። አራቴ ስትታጠብ ቆዳህ ይደርቃል ይቆጣል ግን ዕጢው ወዝ ማምረቱን አያቆምም።

የማለዳ_ጤዛ (6ኛ ሳምንት)

በአዲሱ አነሳስ ሁለቱን ወገን ሳይ ልዩነት አይታየኝም። ቁጭ ብዬ አጉልቼ አጉልቼ አየሁት። ግን አንድ ነገር አለ፣ ሁለቱም ወገን ከመጀመሪያው ቀን ፎቶ ጋር ሲተያይ ተረጋግቷል። ማቃጠሉ ጠፍቷል፣ መላጡ ጠፍቷል፣ አፍንጫዬ ጎን ቀይ የነበረው ወደ መልኬ ተመልሷል። ግራው ሴረም ያልነካው ነው እኮ!

ሜሪላንድ_ነኝ

ሴረሙ ማታ ስትተኚ በትራስ ወደ ግራ ተላልፎ ቢሆንስ?

ባለ_ነጭ_ጋውን

ትንሽ ሊሆን ይችላል፣ ግን ይሄን ሁሉ አያመጣም። የኔ ግምት ስክራቡና አሲዱ መቆሙ ነው። የተቆጣ ቆዳ ያብጣል፣ የቀዳዳው ጠርዝ ዙሪያው ሲያብጥና ሲላጥ ደግሞ ቀዳዳው ጎልቶ ይታያል። የላይኛው ቆዳ ራሱን ለመተካት አራት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል፣ አንቺ ደግሞ ራሱን ይተካ ብለሽ ተውሽው።

ጅዳ_ያለሁት

ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። መዳሜ ራሷ ወሰደችኝ። ቀለል ያለ ስቴሮይድ ሰጠችኝ መጀመሪያ በየቀኑ፣ ከዛ አንድ ቀን እየዘለልኩ፣ ከዛ በሳምንት ሁለቴ አለችኝ። ዛሬ 3ኛ ሳምንቴ ነው፣ ፊቴ ብጉር አውጥቷል ይቀላል፣ መስታወት ማየት አልፈልግም፣ ግን ይሄ ያልፋል ብላኛለች። ሌላ ምንም እንዳልቀባ ከቫዝሊንና ከሰንስክሪን በቀር።

የሦስት_ልጆች_እናት

ልጄ በርቺ። እመቤቴ ትርዳሽ። ጠዋት ስትነሺ መስታወቱን ተዪው ውሃሽን ጠጪ ሥራሽን ሥሪ።

የማለዳ_ጤዛ (12ኛ ሳምንት)

ጨረስኩ። ረጅም ነው ታገሱኝ።

ዛሬ የእህቴን፣ የባለቤቴንና የሥራ ባልደረባዬን ዓይን ተጠቀምኩ። የ1ኛውንና የ12ኛውን ሳምንት ፎቶ ግራና ቀኙን ቆርጬ አራት አደረግኩና የቱ የየትኛው ወገን እንደሆነ ሳልነግራቸው "ቀዳዳው ያነሰው የቱ ነው" አልኳቸው። ሦስቱም የ12ኛውን ሳምንት ከ1ኛው ወዲያው ለዩ፣ አንድም ሰው አልተሳሳተም። ከ12ኛው ግራና ቀኝ ግን እህቴ ግራውን መረጠች፣ ባልደረባዬ ቀኙን፣ ባለቤቴ "አንድ ናቸው" አለ።

ስለዚህ የኔ ፊት ላይ ሴረሙ ቀዳዳ አልቀነሰም። ከቀኝ ዓይኔ ሥር ያለችው ትንሽ መስመር ለስለስ ያለች ይመስለኛል ግን ያንንም እርግጠኛ አይደለሁም። ቀዳዳዎቼ አሉ። አፍንጫዬ ላይ ቀርበህ ካየህ ሁሉም አሉ። ግን የመጀመሪያውን ፎቶ ሳይ ልቤ አዘነ፣ ለቀዳዳው አይደለም፣ ፊቴን ምን ያህል እንዳሰቃየሁት ነው የታየኝ። ጉንጬ ላይ የነበረው ጥቁር ነጥብ ራሱ ግማሹ ደብዝዟል፣ ለዚህ ደግሞ ሰንስክሪኑን ነው የማመሰግነው። እዚህ እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፣ አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ፀሐዩ የማያቃጥል ይመስለን ነበር።

ጠርሙሱ ሲሶው ቀርቷል፣ እጨርሰዋለሁ፣ ደስ የሚል ለስላሳ ነገር ነው ምንም አልጎዳኝም። ሌላ ግን አላስመጣም።

ባለ_ነጭ_ጋውን

እንዲህ አድርጎ የሞከረ ሰው አይቼ አላውቅም፣ እውነቴን ነው። የአንድ ሰው ፊት ጥናት አይሆንም፣ ሌላ ሰው ላይ በተለይ ዕድሜው ገፋ ያለና ቀዳዳው በመላላት የሰፋ ሰው ላይ ትንሽ ሊረዳ ይችል ይሆናል። ስለ ፀሐዩ ያልሽው ደግሞ ትክክል ነው፣ በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ አልትራቫዮሌት 10 ፐርሰንት ገደማ ይጨምራል፣ ብርድ ቢሆንም። ወዙ አሁንም ካስቸገረሽና መቀጠል ከፈለግሽ ናያሲናማይድ የሚባለውን የቫይታሚን ቢ3 ዓይነት ተመልከቺ፣ 2 ፐርሰንቱ ወዝ እንደሚቀንስ በፈረንጆቹ 2006 በወጣ ጥናት ታይቷል። ያው ቀስ ብለሽ፣ አንድ በአንድ።

ሜሪላንድ_ነኝ

እኔም ይሄን አንብቤ ፔፕታይዱን ለ3 ወር አቆምኩት ትሬቲኖይኑ ብቻውን ምን እንደሚያደርግ ልይ ብዬ። ሰንስክሪን ግን ነጭ ሆኖ የማይቀርብሽን የቱን ነው የምትቀቢው? የኔ አመድ ያስመስለኛል።

የማለዳ_ጤዛ

የኔም መጀመሪያ አመድ ያስመስለኝ ነበር። ጀርባው ላይ ዚንክ ኦክሳይድ ወይ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ብቻ ካለ እኛ ላይ ይነጣል፣ ስለዚህ ወይ እነሱ የሌሉበትን ወይ ቡናማ ቀለም የገባበትን ፈልጊ። ቀለም ያለው አይረን ኦክሳይድ ስላለው ለማድያትና ለጥቁር ነጥብም ይሻላል ተብዬ እሱን ነው የያዝኩት። በሁለት ጣት ሙሉ።

ጅዳ_ያለሁት

ዛሬ ሁለት ወር ከሦስት ሳምንት ሆነኝ። ብጉሩ ቀንሷል። መስታወት አየሁ። እኔም እንዳንቺ በየእሁዱ ፎቶ ላንሳ ብዬ ነው፣ ሴረም የለኝም ዝም ብዬ ፊቴን ለማየት። መስኮትሽ ወደ የት ነው የሚያይ? ስንት ሰዓት ነበር?

የማለዳ_ጤዛ

የኔ ቆንጆ!! መስኮቴ ወደ ሰሜን ነው፣ ፀሐይ ቀጥታ አይገባበትም፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ። ሰሜን ከሌለሽ ፀሐይ የማይመታበት የትኛውም ይሆናል፣ ዋናው ሁሌ ያው መሆኑ ነው። ግድግዳው ላይ ትንሽ ፕላስተር ለጥፈሽ ጀርባሽን እሱ ላይ አድርጊ፣ ስልኩን ሁሌ እዛው ብርጭቆ ላይ አስደግፊው። ፊትሽን ከታጠብሽ በኋላ ግማሽ ሰዓት ጠብቂ። የመጀመሪያውን ፎቶ እንዳታጠፊው።

ጅዳ_ያለሁት

እሺ። የፊታችን እሁድ እጀምራለሁ።